ተንሳፋፊ ቤት በጅማ ለመሥራት፦ በርሜል ከመግዛታችሁ በፊት ክብደቱን አስሉ

ተንሳፋፊ ቤት ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከበርሜል ነው። መርካቶ ወርዶ ርካሽ በርሜል ያገኛል፣ የቻለውን ያህል ይገዛል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ምን እንደሚያሳርፍ ያስባል። ቤቱ ውሃ ላይ ሲወርድ ወለሉ ከውሃው እኩል ይሆናል። ወይም ሁሉም ሰው ፎቶ ለመነሳት ወደ አንድ ጠርዝ ሲሄድ ቤቱም አብሮ ይሄዳል።

ጥፋቱ የበርሜሉ አይደለም፣ የቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ክብደት። ግዢ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

እዚህ የምንይዘው ምሳሌ 6 በ4 ሜትር ወለል ያለው፣ አንድ ክፍል የተሠራበት፣ ስድስት ሰው የሚይዝ ቤት ነው። የቅዳሜና እሑድ ማረፊያ እንጂ ጠቅልሎ መኖሪያ አይደለም። ከዚህ የሚተልቅ ካሰባችሁ ያለ መሐንዲስ አትሞክሩት።

ደረጃ 1፦ ውሃውን እወቁ፣ ፈቃዱን ያዙ

ለጅማ ሰው የሚሆነው ውሃ የግልገል ጊቤ ሐይቅ ነው። ግድቡ በአዲስ አበባው መንገድ ሰርቦንና አሰንዳቦን አልፎ፣ ከከተማው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቦዬ ቅርብ ነው ብላችሁ አትመኙት። ረግረግ ነው፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን ጥልቀት የለውም። ለወፎቹና ለጉማሬዎቹ ተዉላቸው።

ግልገል ጊቤ የመብራት ኃይል ማመንጫ ውሃ መሆኑን አትርሱ። ክረምቱን ይሞላል፣ በጋውን ተርባይን እያዞረ ይቀንሳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍታው በብዙ ሜትር ይለዋወጣል። መስከረም ላይ ውሃ የነበረበት ዳር ግንቦት ላይ ጭቃ ነው። ስለዚህ፦

1. ቦታውን ሁለት ጊዜ እዩ፤ አንዴ ውሃው ሲሞላ፣ አንዴ ሲጎድል።
2. ዳር ላይ ያሉትን ዓሣ አጥማጆች ጠይቁ። ውሃው እስከየት እንደሚሸሽ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጉማሬ በየት በኩል ለግጦሽ እንደሚወጣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጉማሬ የሚወጣበት ሣራማ ዳር ቤት አይታሰርበትም፣ ምንም ያህል ቢያምር።
3. ከግድቡና ከውሃ መግቢያው ራቁ።
4. ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ። ግድቡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ውሃ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንን ይመለከታል። ስለ ዳሩ መሬት ደግሞ ወረዳውን አነጋግሩ። ንድፉንና የክብደት ዝርዝሩን ከማመልከቻው ጋር አያይዙ። በቃል «ችግር የለውም፣ ቀጥሉ» ያላችሁ ሰው ችግር ሲመጣ አይገኝም።

ፈቃዱ ከዘገየ ብየዳ አትጀምሩ። እስከዚያው እንጨት ገዝታችሁ ብታደርቁ ግን አትከስሩም። ደረቅ እንጨት ገዢ አያጣም።

ደረጃ 2፦ በወረቀት ላይ መዝኑ

ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ 200 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ግን ከግማሹ በላይ መጥለቅ የለበትም። ስለዚህ ሒሳብ ስትሠሩ አንድ በርሜል የሚሸከመው 100 ኪሎ ብቻ ነው ብላችሁ ያዙ። የቀረው 100 ኪሎ ለማዕበል፣ ለቀዳዳና ላልተጠራ እንግዳ ነው።

የኛ ምሳሌ ቤት እንዲህ ይመዝናል፦

- የብረት ፍሬምና መደገፊያ፦ 310 ኪሎ
- የወለል ጣውላ፣ 24 ካሬ ሜትር፣ 2.5 ሳ.ሜ ውፍረት፣ ደረቅ፦ 360 ኪሎ
- ግድግዳ፣ ባለ 9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ በኮላ የተጣበቀ የእንጨት ሉክ) ከነሞራሌው (ከነማቆሚያ እንጨቱ)፦ 270 ኪሎ
- ጣሪያ፣ ቆርቆሮ ከነእንጨቱ፦ 110 ኪሎ
- 30 ባዶ የፕላስቲክ በርሜል፦ 270 ኪሎ
- አልጋ፣ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ባትሪና የቤት ዕቃ፦ 250 ኪሎ
- የመጠጥና የማጠቢያ ውሃ፦ 200 ኪሎ
- ስድስት ሰው፦ 450 ኪሎ
- ሞተር፣ ነዳጅ፣ መልህቅና ገመድ፦ 100 ኪሎ

ድምሩ 2320 ኪሎ ነው። 15 በመቶ ጨምሩበት። ይህ ለቪቲው (ለጥምዝ ሚስማሩ)፣ ለቀለሙ፣ እንጨቱ ለሚጠጣው ውሃና ለረሳችሁት ነገር ነው። 2670 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለ100 ስታካፍሉት 27 በርሜል ይመጣል። 30 እናደርገዋለን።

ይህን ዝርዝር አትገልብጡ። የራሳችሁን ሥሩ። ኮምፔንሳቶውን ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ሉክ ሚዛን ላይ አውጡት። ጣውላውንም እንዲሁ። ሻጩ «ቀላል ነው» ያለውን ሁሉ ሚዛን ይይው።

ሒሳቡ ከበዛባችሁ በርሜል ለመጨመር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ክብደት ቀንሱ። ሴራሚክ ወለል፣ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ ከአያት የተወረሰ ትልቅ የዋንዛ አልጋ፣ እነዚህ መሬት ላይ ላለ ቤት ናቸው። ጣሪያ ላይ ሰው የሚቀመጥበት ሰገነትም እንዲሁ። ከላይ የሚጨመር ክብደት ከታች ካለው የበለጠ ያናውጣል። የክፍሉን ቁመት 2.1 ሜትር ላይ አቁሙት። ከዚያ ካለፈ ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል።

ሒሳቡን ለሌላ ሰው አሳዩ። ኪቶ ፉርዲሳ ባለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ወይም የሚያስተምር ዘመድ የሌለው የጅማ ሰው ብዙ አይደለም። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ቡና ጋብዙት።

ደረጃ 3፦ በርሜል መምረጥና መፈተሽ

ፕላስቲክ ውሰዱ። የብረት በርሜል ከውጭ ብትቀቡትም ከውስጥ ዝገት ይበላዋል፣ መቼ እንደሚበሳም አይነግራችሁም። በላሜራ የተበየደ ተንሳፋፊ ጥሩ ነው፣ ግን ይከብዳል። 4 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 31 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃ የማያስገባ ብየዳ የሚሠራ በያጅም ያስፈልገዋል። አጥርና በር በደንብ የሚሠራ በያጅ ሁሉ ይህን ይችላል ማለት አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ነዳጅ፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትን የብረት በርሜል በግራይንደር አትቁረጡ፣ አትበይዱ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ሰው ይገድላል።

ስትገዙ፦

1. ውስጡ ምን እንደነበረ ጠይቁ፣ አሽትቱም። ኃይለኛ ሽታ ካለው ተዉት። አጥባችሁ እጣቢውን አዌቱ ወንዝ ላይ ከመድፋት ሌላ በርሜል መፈለግ ይሻላል።
2. ሁሉም አንድ ዓይነትና አንድ መጠን ይሁኑ። የተለያየ መጠን ከሆነ ወለሉ አይስተካከልም።
3. አፉ ትልቅ የሆነውን፣ በቀለበት የሚዘጋውን አትግዙ። ሁለት ትናንሽ ጥምዝ ክዳን ያለውን ምረጡ።
4. በጥፍራችሁ ጫን አድርጋችሁ ሰውነቱን ፈትጉ። ነጭ ዱቄት ከወጣ ፀሐይ በልቶታል። መልሱት።
5. ከሚያስፈልጋችሁ ሁለት ሦስት አስበልጡ። ከፈተናው የሚወድቅ አይጠፋም።

ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ማለዳ አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን በቴፍሎን ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ ዝጉ። በርሜሉን ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ረፋድ ላይ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይለጠጣል፣ ደህናው በርሜል ሆዱን ይነፋል፣ ስትመቱትም ድምፁ ይቀጥናል። አሁን በኦሞ የተበጠበጠ ውሃ ክዳኑና ስፌቱ ላይ ቀቡ። አረፋ የሚተፋ ከሆነ ያፈሳል። ሆዱ ጭራሽ ያልተነፋውም ያፈሳል፣ የት እንደሆነ ባታዩትም።

ያፈሰሰው ከክዳኑ ከሆነ ጎማውን ቀይሩና ከላይ ሲሊኮን ጨምሩ። ከሰውነቱ ከሆነ አትለጥፉት። ሲሊኮን የዚህ ዓይነት ፕላስቲክ ላይ አይያዝም፣ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ያን በርሜል ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አድርጉት።

ይህን ያህል የምጨቀጭቀው በምክንያት ነው። ቀን የሞቀው አየር ማታ ይቀዘቅዝና ይሰበሰባል። ክዳኑ ካልጠበቀ ውሃ ይስባል። በአንድ ሌሊት ትንሽ ነው። በወራት ግን በርሜሉ ይሞላል፣ ቤቱም ሳታውቁት ይዘማል። ስለዚህ በርሜሉን አጋድማችሁ ስትገጥሙትም ሁለቱ ክዳኖች በእኩል ከፍታ ጎን ለጎን ይሁኑ፣ አንዱም ከውሃው በታች አይግባ።

ደረጃ 4፦ ፍሬሙን በአይሱዙ ልክ አቅዱ

ጅማ ከተማ ውስጥ ሙሉ ቤት ሠርቶ በኋላ ከግቢ ማውጣት ያቃተው ሰው መሆን አትፈልጉም። ፍሬሙ በቁራጭ ተሠርቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ዳር ላይ በብሎን ይገጠማል።

60 በ40 ሚሊ፣ 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) በቂ ነው። በሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሚሸጠው በ6 ሜትር ቁመት ስለሆነ የቤታችን ርዝመት ከዚያው የመጣ ነው፣ ብክነት የለም።

1. በርሜሎቹን አጋድማችሁ በአምስት ረድፍ አስቡ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ስድስት። ሁለት ረድፍ በግራ ጠርዝ፣ ሁለት በቀኝ ጠርዝ፣ አንዱ መሃል። መሃል ላይ አታከማቹ። ቤቱን ከመገልበጥ የሚያድነው ጠርዝ ላይ ያለው በርሜል ነው።
2. ለእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ቱቦላሬ በቁመት ዘርጉ። 60 ሚሊው ወገን ይቁም። በመካከላቸው 30 ሳ.ሜ ክፍተት ተዉ። የበርሜሉ ጀርባ በክፍተቱ በኩል 4 ሳ.ሜ ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ወለሉን አይነካም። ክፍተቱን 40 ካደረጋችሁት ግን ወለሉን ይገፋል።
3. የግራ ጠርዙን ሁለት ረድፍ አንድ ቁራጭ፣ የቀኙን አንድ ቁራጭ፣ የመሃሉን አንድ ቁራጭ አድርጋችሁ አስበይዱ።
4. ሰባት ተሻጋሪ፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር፣ ለብቻቸው ይቆረጡ። ሐይቁ ዳር በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ይታሰራሉ። የሚተርፈው 2 ሜትር ቁራጭ ለመደገፊያ ይሆናል።
5. ቀዳዳዎቹን ጅማ ብሱ። አንዴ ግጠሙት፣ ለኩት፣ ቁጥር ጻፉበት፣ ፍቱት። ዳር ላይ ጄኔሬተር ተከራይቶ ቀዳዳ ማስተካከል ኪስ ይጎዳል።

በርሜሉን በሽቦ አትሰሩ። ሽቦ ፕላስቲክን ቀስ እያለ ይቆርጣል። ሰፊ የናይለን ቀበቶ ተጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱ በርሜል ሁለት። በርሜሉ ውሃ ላይ ሲሆን ወደ ላይ ነው የሚገፋው። የቀበቶው ሥራ ወደ ጎን እንዳይሸሽ መያዝ ነው።

ብረቱ ከተበየደ በኋላ በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ። አቧራው ይጠረግ። አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ቀለም ይቀባ። የቱቦላሬው ጫፍ ሁሉ በብየዳ ይደፈን። ክፍት ከተተወ ውሃ ውስጥ ይቀመጥና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ቀለም ቀቢው «ይህ አይታይም» ብሎ የሚዘለው የታችኛው ወገን ነው፣ ቆማችሁ አስቀቡት።

ደረጃ 5፦ እንጨትና ኮምፔንሳቶ

ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ። እርጥቡን ከገዛችሁ ግን ይከብዳል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጽድ መበስበስንና ምስጥን ይቋቋማል፣ ለወለል ምርጥ ነው፣ ውድ ነው። ዋንዛ ለበር፣ ለመስኮትና ለውስጥ ዕቃ ያምራል። የጅማ አናጺዎች እጅ ደግሞ ለዋንዛ የተፈጠረ ነው። ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ተከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በኋላ በሌላ ቢተካም ደረሰኝ የሌለው እንጨት አትግዙ። ኬላ ላይ ሊወረስባችሁ ይችላል።

እኔ ብመርጥ ወለሉን በደረቅ ባህር ዛፍ እሠራና የቆጠብኩትን ገንዘብ ለኮምፔንሳቶው አደርገዋለሁ።

ማድረቁ እንዲህ ነው። ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ። በየድርድሩ መሃል ቀጭን እንጨት አስገቡ፣ አየር ይለፍ። ከላይ ቆርቆሮ ይኑረው፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። አንዱን ጣውላ ምልክት አድርጉበትና በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ለኮምፔንሳቶ አንድ የማያሳስት ፈተና አለ። ከሻጩ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምኑ። ድስት ውስጥ ከትታችሁ አንድ ሰዓት ቀቅሉት። ንብርብሩ ከተላቀቀ ኮላው ለውሃ አይሆንም። ሻጩ ቁራጭ አልሰጥም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ቺፑድና ኤምዲኤፍ መፈተንም አያስፈልጋቸውም፣ እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ።

ኮምፔንሳቶ የሚበሰብሰው ከፊቱ ሳይሆን ከጠርዙ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ ከመግጠማችሁ በፊት ሦስት ጊዜ ቀቡት። የቪቲ ቀዳዳዎቹንም እንዲሁ።

ወለሉን በሚስማር አትምቱ። ቤቱ ውሃ ላይ ሁልጊዜ ስለሚላወስ ሚስማር እየተሳበ ይወጣል፣ ባዶ እግር ይጠብቃል። ቪቲና ብሎን ይሁን፣ ያውም ጋልቫናይዝድ (ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተለበጠ)። በጣውላዎቹ መሃል ጥቂት ሚሊ ያህል ክፍተት ተዉ፣ ዝናቡ ይውረድበት።

ደረጃ 6፦ እሳት፣ ጋዝ፣ ሽንት ቤት

በዚህ ላይ አጭር ነኝ፣ ምክንያቱም ድርድር የለውም።

- ከሰል ክፍል ውስጥ አይገባም። ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ቡናው ውጭ ወለሉ ላይ ይፈላ፣ ከምድጃው ሥር ቆርቆሮ ይነጠፍ።
- የጋዝ ሲሊንደር ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል።
- ሽንት ቤት ወደ ሐይቁ አይለቀቅም። ክዳን ያለው ባልዲና ሰጋቱራ በቂ ነው። ሰጋቱራ ከማንኛውም እንጨት ቤት ይገኛል። ባልዲው ዳር ወጥቶ ይቀበራል።
- መስኮት ሁሉ የወባ መከላከያ ወንፊት ይኑረው።
- ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር ይሁን። ዋና የሚችለውም ይልበስ።

ሞተርን በተመለከተ፦ ሐይቁ ከባህር ጠለል በላይ 1670 ሜትር ገደማ ነው። ቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። 15 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ ከ13 ብዙ አያልፍም። ቤቱን ለማዘዋወር በቂ ነው፣ ነፋስ ሲበረታ ግን አትንቀሳቀሱ።

ደረጃ 7፦ የጊዜ ሰሌዳ

የጅማ ዝናብ ከሌላው አገር ቀድሞ ይጀምራል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ስለዚህ ሥራውን በበጋ ጨርሱ።

ኅዳር ላይ እንጨት ግዙና ለማድረቅ ደርድሩ። ፈቃዱንም ያኔ አመልክቱ። ጥርና የካቲት ብየዳና ቀለም ይሠራ። መጋቢት ላይ ሁሉንም ግቢ ውስጥ ግጠሙ፣ ለኩ፣ ፍቱ። ክረምቱን ቁራጮቹ በመጠለያ ሥር ይቀመጡ። ጥቅምት ላይ ሐይቁ ሲሞላና መንገዱ ሲደርቅ ጫኑ። ሰኔ ላይ «በቃ ደርሷል» ብላችሁ ብትወስዱት መኪናው ዳሩ ጭቃ ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ 8፦ ውሃ ላይ ማውረድና መፈተን

1. ከመውረዱ በፊት በየበርሜሉ ወገብ ላይ መስመር በቀለም አስምሩ። ያ የመጨረሻው ወሰን ነው።
2. ወለሉን ብቻ፣ ያለ ክፍሉ፣ ቀድማችሁ አውርዱ። አንድ ሌሊት ይደር።
3. ጠዋት አራቱንም ማዕዘን ለኩ። አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ካለ እዚያ ያለው በርሜል ውሃ አስገብቷል። አውጥታችሁ ቀይሩት። በሌላ በኩል ድንጋይ አስቀምጦ ማስተካከል ችግሩን መደበቅ ነው።
4. ክፍሉን ሥሩ። እንደገና ለኩ። ከነጣሪያው፣ ያለ ሰውና ያለ ዕቃ፣ በርሜሉ ከ20 ሳ.ሜ በላይ መጥለቅ የለበትም።
5. ሰው ከመውጣቱ በፊት በጄሪካን ውሃ ፈትኑ። 450 ኪሎ፣ ማለትም 22 ወይም 23 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ በሙሉ በአንድ ጠርዝ ደርድሩ። በዚህ መጠን ያለ ቤት ጠርዙ ከ10 ሳ.ሜ በላይ መውረድ የለበትም። ከወረደ የሰዉን ቁጥር ቀንሱ ወይም በየጠርዙ በርሜል ጨምሩ። ሰው ላይ ፈትኖ ማየት የለም።

ሁሉም ሲሞላ ውሃው ከወገቡ መስመር ካለፈ አንድ ነገር ይውረድ። በመጀመሪያ የሚወርደው ብዙ ጊዜ የውሃ ማጠራቀሚያው ነው። ግማሹን ቀንሱት፣ ቤቱ 100 ኪሎ ይቀለዋል።

ቤቱ ቀጥ ብሎ ተንሳፍፎ ሲረግጡት ግን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ የብሎኖቹ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሁሉንም እንደገና አጥብቁ። እንጨቱ ሲቀመጥ ይላላሉ።

ማሰሪያው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ወደ መልህቅ፣ አንዱ ወደ ዳር። ገመዱን አታሳጥሩት፣ ውሃው ሲወጣና ሲወርድ ቤቱ አብሮ መሄድ አለበት። በበጋ በየሳምንቱ ወደ ጥልቁ ግፉት። ዘግይታችሁ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ካገኛችሁት በመኪና አትጎትቱት፣ ቀበቶው ይበጠስና በርሜሎቹ ይወልቃሉ። ዕቃውን አውርዱ፣ ክፍሉን ባዶ አድርጉ፣ ሰው ሰብስባችሁ ከበርሜሎቹ ሥር ክብ አጣና እያስገባችሁ ግፉት። ውሃው በጣም ከሸሸ ደግሞ ከታች ድንጋይና ጣውላ ደግፋችሁ ደልድሉትና ክረምቱን ጠብቁ።